መልስ፦ ፈርማም ቢሆን ሐሳቧን መቀየር ትችላለች

ሰላም እህቴ። ሕንዳዊቷ የሥራ ባልደረባሽ በስምምነት ለመፋታት ከባሏ ጋር ፈርማ አሁን ብትተወው ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። አዎ፣ ይቻላል። ባልየው «ፈርመሻል፣ አለቀ» የሚላት ልክ አይደለም።

በእ.ኤ.አ. 1955ቱ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ የስምምነት ፍቺ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አብረው ያመለክታሉ፤ ከ6 ወር በኋላ፣ 18 ወር ሳይሞላ፣ እንደገና አብረው ይጠይቃሉ። ጊዜው የተሰጠው እንዲያስቡበት ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእ.ኤ.አ. 1991 እንደወሰነው፣ ፍቺው እስኪፈረድ ድረስ አንዱ ወገን ብቻውን ፈቃዱን ማንሳት ይችላል።

ግን ዝም ብላ አትቅር። «ፈቃዴን አንስቻለሁ» ብላ በጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ ታስገባ፣ ቅጂውንም ትያዝ። ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ ፍርድ ቤቶች 6 ወሩን ሊያነሱት ስለሚችሉ ጊዜ አለኝ ብላ አትዘናጋ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው። በስምምነቱ የተቀበለችው ካለ ወይም ለፍርድ ቤቱ ቃል ገብታ ከሆነ፣ ለመፋታት ባትገደድም ፍርድ ቤት በመድፈር ልትጠየቅ ትችላለች። እባክሽ፣ ወረቀቱን ከማስገባቷ በፊት ስምምነቱን እዚያው ሕንድ የሚሠራ ጠበቃ መስመር በመስመር ያንብብላት። ባልየው ደግሞ እንደ ጭካኔ ወይም ጥሎ መሄድ ያለ ምክንያት ጠቅሶ ለብቻው መክሰስ እንደሚችል ንገሪያት።