«በስንት ናሙና?»

በቀደም አንዲት ተመራቂ ተማሪ «ጋሼ፣ ፌስቡክ ላይ የሚጻፈውና የጥናት ጽሑፍ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ቀርቶ የዓሣ ሻጯ ሰማያዊ ሳፋ ታወሰኝ።

ነገሩ የሆነው እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ በ2004 ዓ.ም. ከተሰማ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ መገጭ ወንዝ ሐይቁን በሚቀላቀልበት በኩል፣ አረሙ መሐል ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ፣ አምስት ሞተው አየሁ። ፎቶ አነሣኋቸው። ባሕር ዳር ሳልደርስ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ «የጣና ዓሣ እየተመረዘ ነው» ብዬ ለጠፍሁ። ከስሜ በፊት «ዶክተር» የሚል አለ፤ ማስረጃ የጠየቀኝ አልነበረም። እስኪመሽ ድረስ ሰው ተቀባበለው።

በሦስተኛው ቀን ዓሣ ወደምገዛባት ሴት ሄድሁ። ሳፋዋ እስከ አፉ ሙሉ ነው። የዓሦቹ ዓይን ደፍርሷል፤ መተንፈሻ ስንጥባቸው ከቀይ ወደ ቡናማ ዞሯል። ዝንቡን በደንገል ቁራጭ እያባረረች «ጋሼ፣ ተመርዟል ያሉት እርስዎ ነዎት አሉ» አለችኝ። ቁጣ የለበትም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አጠገቧ የነበረው ዓሣ አስጋሪ ፎቶውን ከስልኬ ላይ አይቶ ሳቀ። «ይህ እኮ ትንሽ ነው ተብሎ ከመረብ ተላቆ የተጣለ ነው። ክሩ የቆረጠው አይታይዎትም?» አጉልቼ አየሁት። ይታያል።

የጥናት አማካሪዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ረቂቄ ላይ በቀይ እስክሪፕቶ «በስንት ናሙና?» እያለ ይጽፍ ነበር። ነጭ ዓሣ ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ጉማራ ወንዝ ይወጣል የሚለውን፣ ማንኛውም የፎገራ ልጅ የሚያውቀውን ነገር፣ ሦስት ጊዜ መልሶብኛል። በጣም ያናድደኝ ነበር። በዚያ መኪና ውስጥ ያጣሁት ግን ያንኑ ቀይ እስክሪፕቶ ነው።

ማረሚያ ጻፍሁ። ማን ያነብበዋል?

እናንተ ተማሪዎችማ ትብሳላችሁ፤ ርዕሱን ብቻ አይታችሁ ታጋራላችሁ። ደግሞ ይህን ስል ራሴን እታዘባለሁ፤ በወንዝ አፍ ስለሚጣል መረብ ያጠናሁት በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ «ይጠቁማል»፣ «ሊሆን ይችላል» እያልሁ ዓመት ፈጅቼበታለሁ። መረቡን ከሚጥሉት ሰዎች አንድም ያነበበው አላጋጠመኝም። እዚያች ሳፋ ድረስ የዘለቀው ስሕተቴ ብቻ ነው። ስለዚህ ፌስቡክ ላይ አትጻፉ የምል አይምሰላችሁ፤ አስጋሪው ዘንድ የሚደርሰው እሱ ነው። ስለ ምንጭ አጠቃቀም መምህሮቻችሁ ይንገሯችሁ።

ያን ቀን ከሳፋው ሦስት ኪሎ ገዛሁ። ከዋጋው አልቀነሰችልኝም፤ እኔም አልተከራከርሁም። ባለቤቴ አሽትታ ለድመቷ ሰጠችው።