ልጅ ይዛችሁ ቤት ሆናችሁ እንግሊዝኛ ለማስተማር ላሰባችሁ

«ቲቸር፣ የዴይኬሩ ክፍያ ደመወዜን ጠቅልሎ ወሰደው፤ ቤት ሆኜ በኦንላይን እንግሊዝኛ ባስተምርስ?» የሚል ጥያቄ ከወጣት እናቶች ደጋግሞ ይደርሰኛል። አብዛኞቹ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሆነው የሚጠይቁኝም አሉ። እኔ አገር ቤት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ እዚህ አሜሪካ ደግሞ ለአዋቂ ስደተኞች፣ ኋላም በኢንተርኔት እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አስተምሪ፣ ግን ሙያ አድርገሽ ያዢው። ቤት ውለህ ልጅ የምታሳድግ አባትም ብትሆን ምክሩ ያንተም ነው፤ በ«አንቺ» የምጽፈው የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ ነው።

«ሙያ» የምለው በ2021 እ.ኤ.አ. የሆነውን ስላየሁ ነው። ከዚያ በፊት በ2013 ቤጂንግ ውስጥ የተመሠረተው ቪፕኪድና መሰሎቹ የቻይና ሕፃናትን አሜሪካና ካናዳ ካሉ መምህራን ጋር ያገናኙ ነበር። ተማሪው አንድ፣ ክፍለ ጊዜው 25 ደቂቃ፣ ትምህርቱም ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነበር። ቤጂንግ ሲመሽ ዋሽንግተን ገና ይነጋል፤ ስለዚህ ልጆቻቸው ከእንቅልፍ ሳይነሱ አስተምረው የሚጨርሱ እናቶች ብዙ ነበሩ። በ2021 ሐምሌ ውስጥ ግን የቻይና መንግሥት ከመደበኛ ትምህርት ውጭ የሚሰጠውን ማስጠናት ሲያጠብቅ፣ ውጭ አገር የሚኖሩ መምህራንን ቀጥሮ ልጆችን ማስተማርንም ከለከለ። የብዙ ቤት ገቢ ተቋረጠ። ከድርጅቱ የተሰጣቸውን ስላይድ ከማንበብ ያለፈ ነገር ያልተማሩት ግራ ሲጋቡ፣ ተማሪን መመዘንና ትምህርትን ራሳቸው ማዘጋጀት የሚችሉት ግን ብዙ ሳይቆዩ ሌላ ቦታ ተማሪ አገኙ። ድርጅት ይዘጋል፣ ሕግም ይለወጣል፤ የማስተማር ችሎታሽ ግን ካንቺ ጋር ይቀራል።

ይህ ችሎታ በምን ይገኛል? መጀመሪያ በማዳመጥ። ቻይንኛ ተናጋሪ «ሂ» (እሱ) እና «ሺ» (እሷ)ን የሚያምታታው በቋንቋው ሁለቱም በንግግር አንድ ድምፅ ስለሆኑ ነው። ዓረብኛ ተናጋሪ «ፒ»ን «ቢ» ሊያደርግብሽ ይችላል። የኛ ሰው ደግሞ «ስኩል» ለማለት ከፊቱ «እ» ይጨምራል። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ያወቀች መምህር በሁለት ደቂቃ የምታቃናውን፣ ያላወቀች ወር ሙሉ «ድገመው» እያለች ትቆያለች። ተማሪው እየተናገረ ሳለ አታቋርጪው፤ ስህተቱን ማስታወሻ ላይ ያዢና ሲጨርስ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ መርጠሽ መልሺለት። አገር ቤት የተማርነው መምህሩ ሲናገር ተማሪው እየጻፈ ነበር፤ እዚህ ግን ከተማሪው በላይ አንቺ ካወራሽ ሰዓቱ ባክኗል። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ እንግሊዝኛውን ለምን እንደሚፈልገው ጠይቂው። አይልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ ፈተና የሚዘጋጅና ለሆቴል ሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ አንድ ዓይነት ትምህርት አይሰጣቸውም።

የ120 ሰዓት የቴፍል፣ ማለትም እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር፣ ሰርተፍኬት በብዙ ቦታ በር ይከፍታል። አቅም ካለሽ ግን ሴልታ የሚባለው የካምብሪጅ የመምህርነት ኮርስ ይሻላል፤ በውስጡ እየተገመገምሽ በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት የምታስተምሪበት ስድስት ሰዓት አለ።

«አፍ የፈታሁበት ቋንቋ ስላልሆነ ማን ይፈልገኛል?» ለምትሉ፦ ፓስፖርትና የትውልድ ቋንቋ የሚጠይቁ ድርጅቶች አሉ፤ እነሱን እየለመናችሁ ጊዜያችሁን አትጨርሱ። ተማሪና መምህርን በኢንተርኔት የሚያገናኙት ፕሪፕሊና አይቶኪ ከየትም አገር ለመጣ መምህር ክፍት ናቸው። እንግሊዝኛን በሰዋስው ተምራችሁ፣ በፈተና ተፈትናችሁ፣ ኋላም በሥራና በሐኪም ቤት ኖራችሁበት ያለፋችሁ ሰዎች ስለሆናችሁ ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል ታውቃላችሁ። ይህን በመገለጫችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት፤ የሚፈራ ጀማሪ የሚፈልገው እንዲህ ያለ መምህር ነው። የክፍያ ደንቡን ግን አንብቡ። ፕሪፕሊ የመጀመሪያውን የሙከራ ክፍለ ጊዜ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ራሱ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቆርጠው ከ33 በመቶ ተነስቶ የሰዓታችሁ ብዛት ሲጨምር እስከ 18 በመቶ ይወርዳል። አይቶኪም የራሱን ድርሻ ይቆርጣል።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ፤ ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነውና። ሕፃን ታቅፎ ማስተማር አይቻልም። የከፈለሽ ተማሪ ሙሉ ጆሮሽን ይፈልጋል፤ ልጅሽም እንደዚያው። ቀኑን ሙሉ ክፍት አድርገሽ ተማሪ ከመጠበቅ በቀን ሁለት ሰዓት ቆርጠሽ አጥብቀሽ ጠብቂው። ያንን ሰዓት የልጅሽን እንቅልፍ አይተሽ ምረጪ። ሪያድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በአሜሪካ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር እኩለ ቀን ነው፤ የብዙ ሕፃናት የቀን እንቅልፍ ያኔ ነው። ስለዚህ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ተማሪዎች ለእናት ይመቻሉ። ኖቬምበር ላይ የአሜሪካ ሰዓት ሲለወጥ የነሱ እንደማይለወጥ ግን ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ አለዚያ አንዳችሁ ሌላውን ስትጠብቁ ሰዓቱ ያልፋል። ባልሽ ኡበር የሚነዳ ከሆነ የመውጫ ሰዓቱን ካንቺ ክፍለ ጊዜ ጋር አስማሙ። ጎረቤትሽ ያለች ሐበሻ እናትም ተራ ገብታችሁ ልጆቹን ለመጠበቅ እሺ ትላለች፤ እናቶቻችን በየሰፈሩ ያደርጉት የነበረ ነው፣ እዚህም ይሠራል። አዲስ አበባ ያላችሁ ከሪያድና ከኢስታንቡል ጋር ሰዓታችሁ አንድ ስለሆነ የሰዓት ችግር የለባችሁም፤ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የሞባይል ዳታና ቻርጅ የተደረገ ላፕቶፕ ግን ሁልጊዜ ይኑራችሁ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ታክስ በራሳችሁ ላይ ነው። ተቀጣሪ ስላልሆናችሁ ማንም አይቆርጥላችሁም፤ ከመደበኛው የገቢ ታክስ ሌላ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከትርፋችሁ 15.3 በመቶ ገደማ ይጠበቅባችኋል። ገንዘቡ በገባ ቁጥር ሩቡን ለብቻው አስቀምጡ፤ የማዳመጫውን፣ የካሜራውንና የኮርሱን ደረሰኝም አትጣሉ።

ከልቤ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ለሰው ልጅ እንግሊዝኛ ስታስተምሪ ውለሽ ለገዛ ልጅሽም በዚያው ምላስ አትቀጥዪ። እዚህ የተወለደ ልጅ እንግሊዝኛውን ከመዋዕለ ሕፃናት፣ ከቴሌቪዥንና ከጓደኛ ያገኘዋል። አማርኛውን የሚያገኘው ካንቺ ነው፣ ከአያቱ ጋር በስልክ የሚነጋገረውም በዚያ ነው። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ አማርኛ አውሪው፤ በእንግሊዝኛ ቢመልስልሽም አንቺ አትቀይሪ። ቋንቋ እንዴት እንደሚለመድ በሙያሽ ታውቂዋለሽና ለራስሽ ልጅም ተጠቀሚበት።

ያስተማርሽውን ሰዓት፣ የተማሪውን መነሻ ደረጃና የደረሰበትን በደብተር መዝግቢ፤ የተደሰተ ተማሪም አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ልጅሽ ትምህርት ቤት ሲገባ የቀኑ ሰዓት ይለቀቅልሻል። ሜሪላንድ እንዳለው እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ባሉ ተቋማት ለአዋቂ ስደተኞች እንግሊዝኛ ይሰጣል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ለማስተማር ስታመለክቺ ከዲግሪሽ ጋር ይህን መዝገብ ይዘሽ ቅረቢ።