ጠይቁን፦ ከዓለም ኮማንዶዎች ማን ይበልጣል?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ሁሌ እንከራከራለን። እኔ የአሜሪካውን ኔቪ ሲል አስቀድማለሁ፣ አንዱ የእንግሊዙን ኤስ ኤ ኤስ፣ ሌላው ደግሞ የእስራኤሉን ሳየረት ማትካል። ቁርጡን ንገሩን፣ አንደኛው ማነው?

መልስ፦ ቁርጡን ልንገርህ፣ አንደኛ የሚባል የለም። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩትን "ምርጥ አስር" ዝርዝሮች እርሳቸው። ሥራቸው ለየቅል ነው። ኔቪ ሲል መሠረቱ ባሕር ኃይል ነው። ሳየረት ማትካል በዋናነት ከጠላት ጀርባ ገብቶ መረጃ የሚያመጣ ጦር ነው። ኤስ ኤ ኤስ ደግሞ በ1941 ሲመሠረት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራው በሰሜን አፍሪካ በረሃ የጀርመንና የጣሊያን አውሮፕላኖችን ገና መሬት ላይ እንዳሉ ማውደም ነበር።

እኔን ካልከኝ መታየት ያለበት ዕቅዱ ሲበላሽ ምን ያደርጋሉ የሚለው ነው። በኤፕሪል 1980 የአሜሪካ ምድር ጦር ልዩ ክፍል የሆነው ዴልታ ፎርስ ቴህራን ውስጥ የታገቱ አሜሪካውያንን ሊያስለቅቅ ተነሳ። ስምንት ሄሊኮፕተሮች ከመርከብ ተነስተው በሌሊት ወደ ኢራን በረሃ ገቡ። አንዱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። አንዱ አቧራው አላሳልፍ ብሎት ተመለሰ። ሌላው በረሃው ላይ ካረፈ በኋላ የሃይድሮሊክ ብልሽት ተገኘበት። ዕቅዱ ቢያንስ ስድስት ይፈልግ ነበር፣ የቀሩት ግን አምስት ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ዘመቻው ተሰረዘ። ከዚያ ሊመለሱ ሲሉ አንዱ ሄሊኮፕተር አቧራው ውስጥ ነዳጅ ከጫነ አውሮፕላን ጋር ተጋጨና ስምንት ወታደሮች ሞቱ። ቴህራን ሳይደርሱ ማለት ነው።

እነዚያ ሰዎች ጀግንነት አልጎደላቸውም። የጎደለው አብሮ መሥራት ነው፤ አብራሪው ከአንድ ጦር፣ ተዋጊው ከሌላ፣ አውሮፕላኑ ከሦስተኛ ሲሆን ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ዘመቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተለማምደውት አያውቁም ነበር። አሜሪካ ከዚያ ወዲህ በተለይ ለሌሊት በረራ የሚሠለጥን የሄሊኮፕተር ክፍል አቋቋመች፣ በ1987 ደግሞ ልዩ ኃይሎቿን ሁሉ በአንድ ዕዝ ሥር አደረገች።

ለውጡ በ2011 ፓኪስታን ውስጥ አቦታባድ ላይ ታየ። ኔቪ ሲሎች የቢን ላደንን ግቢ አምሳያ ሠርተው ደጋግመው ተለማምደዋል። ግን የልምምዱ አጥር ሽቦ ነበር፣ የእውነተኛው ግን ረጅም ድፍን ግንብ። ሄሊኮፕተሩ ግቢው ላይ ሲያንዣብብ ወደ ታች የሚገፋው አየር መውጫ አጣና ማሽኑ ከፍታውን መጠበቅ አቃተው። አብራሪው እንደምንም መሬት ላይ አሳረፈው። ሰዎቹ ወርደው ሥራቸውን ቀጠሉ፣ የወደቀውን አፈነዱት፣ ራቅ ብሎ ሲጠባበቅ የነበረው መጠባበቂያ ሄሊኮፕተር መጥቶ የቀሩትን ጫናቸው። ግቢው ውስጥ የቆዩት 40 ደቂቃ ያህል ነው። እኔ ከተኩሱ ይልቅ የማደንቀው ያንን መጠባበቂያ ነው።

ጥያቄ፦ ጂም እሠራለሁ፣ ሰውነቴ ግዙፍ ነው። ምልመላቸውን የሚያልፉት እንደኔ ዓይነቶቹ ናቸው?

መልስ፦ ጡንቻ ብቻውን አያሳልፍም። እንዲያውም ግዙፍ ሰውነት ረጅም ጉዞ ላይ ሸክም ይሆናል። የኤስ ኤ ኤስ ምልመላ ውስጥ ያለው የመጨረሻው ጉዞ ዌልስ ተራሮች ላይ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከባድ ሻንጣ ተሸክሞ፣ ከ20 ሰዓት ባነሰ ጊዜ፣ መንገዱን ራስህ በካርታ እየፈለግህ። አብሮህ የሚሄድ፣ አይዞህ የሚልህ የለም።

ኔቪ ሲል ጋ ደግሞ "የሲኦል ሳምንት" የሚሉት አለ። አምስት ቀን ተኩል ነው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚተኙት በድምሩ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቀዝቃዛው ውቅያኖስ ዳር ማዕበሉ ውስጥ ተያይዘው ይጋደማሉ፣ አሸዋ ላይ ይንከባለላሉ፣ ከባድ የጎማ ጀልባ ራሳቸው ላይ አድርገው ይሮጣሉ። ግቢው ውስጥ የነሐስ ደወል ተሰቅሏል። መተው የፈለገ ሦስቴ ይደውልና የራስ ቁሩን እዚያው አስቀምጦ ይሄዳል። ማንም አይከለክለውም። አብዛኛው ሰልጣኝ በሥልጠናው መሀል ይቀራል።

ጥያቄ፦ የጀርመኑ ጂ ኤስ ጂ ናይን ፖሊስ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ የፌዴራል ፖሊስ ፀረ ሽብር ክፍል ነው። በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ 11 እስራኤላውያን በአጋቾች እጅ ሲገደሉ ጀርመን ምን ያህል ዝግጁ እንዳልነበረች ታየ። አጋቾቹ ስምንት ነበሩ፣ የተመደቡት አነጣጣሪዎች አምስት፣ ለዚያውም በቂ ሥልጠናም መገናኛ ሬዲዮም ያልነበራቸው። ጂ ኤስ ጂ ናይን የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። በ1977 ሞቃዲሾ ላይ የተጠለፈ የሉፍታንዛ አውሮፕላን ውስጥ በሌሊት ገብቶ 86ቱንም ታጋቾች በሕይወት አወጣ። የሚያሳዝነው ግን ጠላፊዎቹ ካፒቴኑን ከዚያ በፊት የመን ውስጥ ኤደን ላይ ገድለውት ነበር።

ጥያቄ፦ ሴቶችስ?

መልስ፦ አሉ። ኖርዌይ በ2014 ሴቶች ብቻ የሚሠለጥኑበት የልዩ ኃይል ክፍል ጀምራለች፣ ምክንያቱም ወንድ ወታደሮቿ አፍጋኒስታን ውስጥ ሴቶችን ማነጋገር ስለማይችሉ ከሕዝቡ ግማሽ የሚገኘው መረጃ ያመልጣቸው ነበር። አሜሪካም በ2016 ሁሉንም የውጊያ ሥራዎች ለሴቶች ክፍት አድርጋለች፣ በ2020 ደግሞ የመጀመሪያዋ ሴት የግሪን ቤሬትን (የምድር ጦሩን ልዩ ኃይል) ሥልጠና ጨርሳ ተመርቃለች።