አጎትሽ ብድሩን ይተዉት

ደብዳቤሽ ረጅም ነው፤ ግን አልሰለቸኝም። ለሌሎች አንባቢዎች እንዲገባቸው ባጭሩ ልበለው። የመጨረሻ ዓመት የጂኦግራፊ ተማሪ ነሽ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን «በሕዝብ ትራንስፖርት በሰዓቱ ሆስፒታል መድረስ የሚችለው ማነው? የማይችለውስ?» በሚል ጥያቄ ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ። የሚያስተምሩሽ አጎትሽ ግን «ካርታ ስለሽ ማን ይቀጥርሻል? ዘመኑ የስማርት ሲቲ ነው» (በሴንሰርና በኮምፒውተር የሚመራ ከተማ ማለታቸው ነው) ብለው የሦስት ወር የሰርተፊኬት ኮርስ አግኝተውልሻል። ክፍያው ከበድ ስለሚል ሊበደሩ ነው። ከዚያ ደግሞ ሒሳብ ያስፈራሻል፤ ጓደኞችሽ «ኮምፒውተር ሳይንስ ግቢ» ይሉሻል፤ ማስተርስ ውጭ አገር መሆን አለበት ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። መጨረሻ ላይ «ጋሼ፣ ሳይደብቁ ይንገሩኝ» ብለሻል።

እሺ እህቴ፣ ልንገርሽ። ብድሩ ይቅር።

አጎትሽ ክፉ አላሰቡም፤ ያሰቡት ለነገሽ ነው። ግን ያ ብድር በማን ደመወዝ ነው የሚከፈለው? ሥራ እስክታገኚ ወለዱ ቆሞ አይጠብቅሽም። «እኔ ነኝ የምከፍለው» ይሉሽ ይሆናል። በዘመድ መካከል ዕዳ እንዴት እንደሚዞር ግን ታውቂዋለሽ። ኋላ ያገኘሽውን ሥራ ሁሉ ሳትመርጪ እንድትቀበዪ የሚያደርግሽ እሱ ነው። ላስተማረሽ ሰው እምቢ ማለት እንደሚከብድ አይጠፋኝም። ቢሆንም በትሕትና፣ ግን ቁርጥ አድርገሽ እምቢ በዪ።

የላክሽልኝን የኮርስ ዝርዝር አየሁት። «የወደፊቷ ከተማ»፣ «የዲጂታል አመራር»፣ «የነገሮች ኢንተርኔት መግቢያ» ይላል። ተማሪው በእጁ የሚነካው ዳታ አንድም ቦታ የለም። የትኛው ሶፍትዌር እንደሚሰጥ አልተጻፈም። ተመራቂው «ይኸው፣ ይሄን ሠራሁ» ብሎ የሚያሳየው ነገር የለውም። ቀጣሪ ያን ወረቀት ሲያይ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብ መክፈልሽን።

ስማርት ሲቲ ራሱ ውሸት ነው እያልኩሽ አይደለም። አውቶቡስ ላይ የተገጠመ ጂፒኤስ፣ ተሳፋሪ የሚነካው የክፍያ ካርድ፣ መንገድ ዳር ያለ ሴንሰር ጠቃሚ ነገሮች ናቸው። አንቺም ለጽሑፍሽ ብታገኚያቸው ዕድለኛ ነሽ። ግን ምን እንደሚቆጥሩ አስተውዪ። የሚቆጥሩት የተደረገን ጉዞ ነው። ካርዱን የነካ ሰው ይመዘገባል። ሁለት ጊዜ መሳፈር ስላለባት፣ ለሁለቱም መክፈል ስለማትችል ሕክምናዋን የተወች እናት ግን በዚያ ስክሪን ላይ የለችም። ቤቷ ስለቀረች ለሲስተሙ ችግር የለባትም። የአንቺ ጥያቄ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ያልተደረገውን ጉዞ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የጂኦግራፊ ሰው ሥራ ነው።

ሪዮ ዴ ጃኔሮን ተመልከቺ። በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከአይቢኤም ጋር ሆና ግድግዳው ሙሉ ስክሪን የሆነ የከተማ ቁጥጥር ማዕከል ከፈተች። ስለ ስማርት ሲቲ የሚያወራ ሁሉ ስሟን ይጠራ ነበር። ለ2014 የዓለም ዋንጫና ለ2016 ኦሎምፒክ ደግሞ አዳዲስ የፈጣን አውቶቡስ መስመሮችን ዘረጋች። በጎን ግን የነባሮቹ አውቶቡሶች አገልግሎት ተቀነሰ። ተመራማሪዎች የበፊቱንና የኋላውን የትራንስፖርት መረብ ሲያነጻጽሩ ቅነሳው የአዲሱን ግንባታ ጥቅም በልቶት አገኙት። ወደ ጤና ተቋማት የመድረስ ዕድል በጥቅሉ ቀንሷል። የተገኘው ጥቅምም ወደ ባለ ከፍተኛ ገቢዎቹ አጋድሏል። ይህን ያወጣው የስክሪኑ ግድግዳ አይደለም። አንቺ ልትሠሪው የፈለግሽው ዓይነት ስሌት ነው።

አጎትሽ «ትልልቅ ኩባንያዎች እዚያ ውስጥ ናቸው» ካሉ፣ የቶሮንቶን ነገር ንገሪያቸው። የጎግል እናት ኩባንያ የአልፋቤት ንብረት የሆነው ሳይድዎክ ላብስ በ2017 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ዳርቻ ኪይሳይድ በሚባለው ቦታ በሴንሰር የተሞላ ሰፈር ሊገነባ ተመረጠ። በ2020 ግንቦት ወር ላይ ጥሎ ወጣ። የሰጠው ምክንያት የኢኮኖሚው አለመረጋጋት ነው። ከዚያ በፊት ግን ነዋሪው «የሚሰበሰበው መረጃ የማነው?» እያለ ሲሟገት ነው የከረመው። የሥራ መስክሽን በአንድ ገበያ ላይ በዋለ ስም ላይ አትገንቢ።

አሁን ወደ ጽሑፍሽ። እዚህ ላይ ብዙ ብቆይ አትታዘቢኝ፤ የምወደው ነገር ነው።

በረቂቅሽ ላይ በፌርማታዎች ዙሪያ የ500 ሜትር ክብ ስለሽ ውስጡ ያለውን ሕዝብ እቆጥራለሁ ብለሻል። ከየት እንዳመጣሽው ገብቶኛል። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግብ 11.2 በ2030 ለሁሉም ደህንነቱ የተጠበቀና አቅምን ያገናዘበ ትራንስፖርት ይዳረስ ይላል። መለኪያው ለአውቶቡስ 500 ሜትር፣ ለባቡርና ለመሰል ብዙ ሰው ጫኝ አገልግሎት 1000 ሜትር ነው። ለአገሮች ንጽጽር ደህና መነሻ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን አያጠግብም። ክቡ ውስጥ ያለው ቤትና ፌርማታው መካከል አጥር ያለው አውራ ጎዳና ቢኖርስ? አውቶቡሱ በሰዓት አንዴ ብቻ የሚያልፍ ቢሆንስ? በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ደረጃ ብቻ ቢሆንስ መግቢያው? ክቡ ለእነዚህ ሁሉ «ደርሷል» ነው የሚለው።

እንዲህ አድርጊው። ከተማውን በእኩል አራት ማዕዘኖች ከፋፍዪ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር አስገቢ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ተነስተሽ እስከ ሆስፒታሉ በር ያለውን ጊዜ በሙሉ ደምሪ፤ የእግሩን፣ የጥበቃውን፣ የጉዞውን፣ ወርዶ ሌላ የመሳፈሩን፣ እንደገና የእግሩን። አንድ የመነሻ ሰዓት ብቻ እንዳትይዢ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት በየደቂቃው አስነሺና መካከለኛውን ውሰጂ። በየ30 ደቂቃው በሚመጣ አውቶቡስ ላይ አንድ ደቂቃ የዘገየ ሰው ግማሽ ሰዓት ይቀጣል። 1:05 ላይ ብቻ ያሰላ ተማሪ ሰፈሩን «ቶሎ ይደርሳል» ብሎ አረንጓዴ ይቀባዋል፤ 1:06 ላይ ያሰላው «ይዘገያል» ብሎ ቀይ። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል።

ቀጥሎ ታሪፉን አስገቢበት። በ40 ደቂቃ የሚደረስበት ሆስፒታል ሦስት ጊዜ የሚያስከፍል ከሆነ፣ ለአንዳንዱ ሰው አይደረስበትም ማለት ነው። ማታንም አትርሺ፤ ጠዋት ጥሩ የሆነ ካርታ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሌላ ከተማ ሊመስል ይችላል።

አዲስ ፈጠራ አድርገሽ ደግሞ አታቅርቢው። ዋልተር ሐንሰን ተደራሽነትን በቀመር ያስቀመጠው በ1959 ነው። ስዊድናዊው ጂኦግራፈር ቶርስተን ሄገርስትራንድ በ1970 ሰው በርቀት ብቻ ሳይሆን በጊዜውም እንደሚታሰር አሳየ። እነዚህን ሁለቱን በደንብ ተረጂያቸው፤ መምህራኑ ፊት ስትቀርቢ ያድኑሻል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት የምትከፍይው የለም። የካርታ መሥሪያው ሶፍትዌር ኪውጂአይኤስ ነፃ ነው። ከ2004 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የተሠራው የዓለም ካርታ ኦፕንስትሪትማፕ ነፃ ነው። የብራዚሉ የምርምር ተቋም ኢፔያ ያወጣው አር በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራው አር ፋይቭ አር የተባለ ፓኬጅ የነገርኩሽን የየደቂቃ ስሌት ይሠራል፤ እሱም ነፃ ነው። የአውቶቡስ መርሐ ግብሩ ጂቲኤፍኤስ በሚባለው የፋይል ቅርጽ ከተገኘ ግማሽ ሥራሽ አለቀ። ይህ ቅርጽ በ2005 ገደማ በፖርትላንድ የትራንስፖርት ድርጅትና በጎግል የተጀመረ ነው፤ ዛሬ ብዙዎቹ የጉዞ መተግበሪያዎች የሚያነቡት እሱን ነው።

«የተጻፈ መርሐ ግብር ከሌለስ?» ብለሻል። የናይሮቢን ታሪክ አንብቢ። እዚያ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች የሚሄዱበት መስመር በወግ ተመዝግቦ አያውቅም ነበር። ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ተሳፈሩ፤ ፌርማታ በፌርማታ መዘገቡ። በ2014 ካርታው ወጣ፤ ዳታውም በጂቲኤፍኤስ ለሁሉም ክፍት ሆነ። አንቺ ከተማውን በሙሉ አትችይም። ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል የሚሄዱትን መስመሮች ግን ትችያለሽ። ያን ፋይል ራስሽ ከሠራሽው ከየትኛውም ሰርተፊኬት በላይ ይናገርልሻል።

አንድ የማይጥምሽ ነገር ልጨምር። ረቂቅሽ በቁጭት የተሞላ ነው። ቁጭቱ ትክክል ነው፤ ብቻውን ግን የትም አያደርስም። «የከተማው ነዋሪ በአማካይ በ35 ደቂቃ ይደርሳል» የሚል ባለሥልጣን ፊት ምን ትያለሽ? አማካዩን ፈልቅቀሽ ዝቅተኛ ገቢ ያለው አንድ አምስተኛ ሕዝብ በስንት፣ ከላይ ያለው አንድ አምስተኛ በስንት እንደሚደርስ አሳዪ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ1994 የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች የትራንስፖርት ባለሥልጣኑን ከሰሱ። ገንዘቡ ለባቡር እየፈሰሰ ድሃውና ነጭ ያልሆነው ሕዝብ አውቶቡስ ላይ ይታጨቃል ብለው ነበር። በ1996 በተደረሰው ስምምነት አንድ አውቶቡስ ምን ያህል ቢጨናነቅ እንደሚፈቀድ በቁጥር ተቀመጠ። ባለሥልጣኑን የያዘው ያ ቁጥር ነው።

ወደ ሥራው ልምጣ፤ አጎትሽን የሚያስጨንቃቸው እሱ ስለሆነ። እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በከተማ ፕላን መሥሪያ ቤት ካርታ ክፍል ነው የኖርኩት። ሰው ስንቀጥር ሲቪውን ቶሎ እናልፈዋለን። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን «ይሄ ሰፈር ለምን ቀላ?» እንላለን። አንዳንዱ የሶፍትዌሩን ስም ይደረድራል። አንዳንዱ ግን «መንገዱ አለ፤ ድልድዩ ግን ለእግረኛ አይሆንም፤ ስለዚህ ዞረው ነው የሚሄዱት» ይላል። የሚቀጠረው ሁለተኛው ነው። ይህን ችሎታ የሚፈልጉት ደግሞ ፕላን ቢሮዎች ብቻ አይደሉም። የትራንስፖርት ባለሥልጣናት፣ ጤና ቢሮዎች፣ አማካሪ ድርጅቶች፣ የቴሌኮም ኩባንያዎች፣ ቅርንጫፍ የሚከፍቱ ባንኮች፣ ዕቃ አድራሾች ሁሉ «ማን የት ሆኖ በስንት ደቂቃ ይደርሳል» ብለው ይጠይቃሉ።

የእኔ ምክር መጀመሪያ መሥሪያ ቤት ግቢ ነው፤ ቢቻል የመንግሥት። ደመወዙ አያንበሸብሽም፤ አልዋሽሽም። ግን ፌርማታ ለምን እዚያ እንደተተከለ፣ ማን እንደፈረመበት፣ ካርታሽ ስብሰባ ላይ እንዴት እንደሚታለፍ የምታዪው እዚያ ነው። ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ ማስተርስ ስትገቢ ጥያቄሽን ከሥራሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ።

አጎትሽ መርዳት ካሰኛቸው፣ አሮጌ ላፕቶፕሽን ያሠሩልሽ፤ መስመሮቹን ስትመዘግቢ የትራንስፖርት ወጪሽን ይሸፍኑ። ከኮርሱ ክፍያ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ አይባልም፤ ብድርም አያስፈልገው። ካርታው ሲያልቅ ደግሞ መጀመሪያ ለእሳቸው አሳዪያቸው። የራሳቸውን ሰፈር ፈልገው ማየታቸው አይቀርም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ኮምፒውተር ሳይንስ፦ በመጨረሻ ዓመት ላይ ተነስተሽ እንደገና ከዜሮ? አይሆንም። አርን ወይም ሌላውን የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተንን በዚሁ ጽሑፍሽ ላይ እየሠራሽ ተማሪ። ሒሳብ፦ የሚያስፈልግሽ መቶኛ፣ መካከለኛ ዋጋና ትንሽ ሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ማስላት) ነው፤ የሚያስፈራሽ ካልኩለስ ለዚህ ሥራ ብዙም አያስፈልግሽም። ውጭ አገር ማስተርስ፦ ሙሉ ስኮላርሺፕ ካገኘሽ ሂጂ፤ በቤተሰብ ገንዘብ ከሆነ አሁን አይደለም።