ፀሐይ «ፈነዳች» ወይስ «ተፋች»?

ጥያቄ፦ ዜና ላይ አንዴ «የፀሐይ ፍንዳታ»፣ አንዴ «የፀሐይ ነበልባል»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «የፀሐይ ማዕበል» ሲሉ እሰማለሁ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ጠያቂዬ፣ እነዚህ የአንድ ነገር ሦስት ስሞች መስለው ይነገራሉ እንጂ ነገሩስ ሦስት ነው። ስማቸው ሲደባለቅ መቼ ምን እንደሚደርስብን ይጠፋናል።

መጀመሪያ ብርሃኑ አለ። ፀሐይ ላይ ድንገት ቦግ ይላል፣ በ8 ደቂቃ ገደማ እኛ ጋ ይደርሳል። ይህን «ነበልባል» ማለት ተለምዷል፤ እኔን ግን አይመቸኝም። ነበልባል የሚነድ ነገር ይፈልጋል፣ ፀሐይ ላይ ደግሞ እንደ ማገዶ የሚነድ የለም። «ብልጭታ» ይሻላል።

ሁለተኛው ከፀሐይ ተፈንቅሎ የሚወጣው ፕላዝማ፣ ማለትም እጅግ የጋለና ኤሌክትሪክ ያዘለ ጋዝ ነው፤ በቢሊዮን ቶን የሚቆጠር። «ፍንዳታ» ስሕተት ነው አልልም፤ እሳተ ገሞራም ፈነዳ እንላለን። ግን ጎማ ፈነዳ ካልን ነገሩ እዚያው አለቀ። ተራራ አመድ ተፋ ስንባል ግን «አመዱ ወዴት ሄደ?» ብለን እንጠይቃለን። ዋናው ጥያቄ ደግሞ ይኸው ነው። ስለዚህ «የፀሐይ ትፋት» እላለሁ፤ ለጆሮ ትንሽ ይሻክራል፣ ሥራውን ግን ይሠራል።

ባለሙያዎቹም የሚከታተሉት የሄደበትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የመጠቀችው ሶሆ የተባለች መንኮራኩር ካሜራዋ ውስጥ የፀሐይን ፊት በክብ መከለያ ትጋርዳለች፣ ልክ እንደ ግርዶሽ። ያኔ ደብዛዛው ትፋት ከፎቶ ወደ ፎቶ እየሰፋ ሲሄድ ይታያል፣ ፍጥነቱም ይለካል። ወደ እኛ ፊት ለፊት የሚመጣው ግን ፀሐይን የከበበ ቀለበት ስለሚመስል ፍጥነቱን ማወቅ ያስቸግራል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተላኩት ሁለቱ የስቴሪዮ መንኮራኩሮች ከጎን ሆነው እንዲያዩት የተፈለገው ለዚህም ጭምር ነው። ከዚህ ልኬት የሚወጣው ግምት «ትንበያ» ይባላል። እባካችሁ «ትንቢት» አትበሉት፤ ትንቢት የነቢይ ነው፣ ትንበያ ግን ስሌት ስለሆነ ሊሳሳት ይችላል።

«ማዕበል» ሦስተኛው ነው፣ ቦታውም ፀሐይ ሳይሆን እዚህ ምድር ዙሪያ ነው። ትፋቱ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ተጉዞ ይደርስና የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲያናውጥ «መግነጢሳዊ ማዕበል» ተነሣ እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1989 ካናዳ ውስጥ የሆነውን እዩት፤ ፀሐይ ላይ ትፋቱ የተነሣው ማርች 10 ነበር፣ በማዕበሉ የኩቤክ ግዛት መብራት የጠፋው ግን ማርች 13 ሌሊት። 6 ሚሊዮን ያህል ሰው ለሰዓታት ጨለማ ውስጥ ቆየ። ማርች 10 ላይ «ማዕበል ምድርን መታ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ለመዘጋጃ የሚሆኑትን ቀናት በአንድ ቃል አጠፋቸው ማለት ነው። ደግሞም ብዙው ትፋት እኛን ስቶ ያልፋል።

እኔ ዜናውን ብጽፈው እንዲህ እል ነበር፦ «ትናንት ፀሐይ ላይ ብልጭታ ታይቷል። አብሮት የወጣው ትፋት ነገ ማታ ሊደርስ ይችላል፤ ከደረሰም መግነጢሳዊ ማዕበል ሊያስነሣ ይችላል።»