ቦታ ከሌለው ጀርባው ላይ ጻፉት

ሰሞኑን ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በሜዲካል ላብራቶሪ የተመረቀች ልጅ ደወለችልኝ። የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ክፍል ልትቀጠር ነው። «ጋሼ፣ ሽንት ተቀብሎ ስትሪፕ ማንበብ ምን ሙያ አለው?» አለችኝ። የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰችብኝ።

ጀማሪ ሳለሁ፣ ደሴ የምሠራበት ላብራቶሪ አንድ የኮምቦልቻ ሾፌር መጣ። በባቲ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለስ ነው። ሊቀጥሩት የጤና ምርመራ ጠይቀውታል። ያለማቋረጥ ያስላል። ስትሪፑ (ሽንት ውስጥ የሚነከረው የምርመራ ወረቀት) ላይ የመቆጣጠሪያው መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ የኦፒየቱ (የእነ ሞርፊንና ሄሮይን) ግን ጭራሽ የለም። በዚህ ስትሪፕ መስመሩ ሲጠፋ ፖዘቲቭ ማለት ነው። ሰውየው መስኮቱን ይዞ «ወላሂ፣ የሳል ሽሮፕ ነው የጠጣሁት» አለ። ጠርሙሱን ከጃኬቱ ኪስ አውጥቶ አሳየን። ኮዴን ይላል። ኮዴን ሰውነት ውስጥ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ይለወጣል። ስትሪፕ ደግሞ የሽሮፑን ከሄሮይኑ አይለይም። የሚለየው እንደ ጋዝ ክሮማቶግራፊ–ማስ ስፔክትሮሜትሪ ያለ የማረጋገጫ ምርመራ ነው፤ እኛ ጋ አልነበረም። «ቢያንስ ሽሮፑ ይጻፍለት» ብል «ፎርሙ ቦታ የለውም» ተባልኩ። ማኅተም ተመታበት። ሥራው ቀረበት። የልጆች አባት ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፎርሙ ቦታ ከሌለው ጀርባው ላይ ጻፉት! የጠጣውን መድኃኒት፣ የቃመውንም ጫት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአነቃቂው ዕፅ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ በእኛ አገር ይህን ሳይጠይቁ ማለፍ ግፍ ነው።

ጓንት አድርጉ ምናምን አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ፣ ግን ቶሎ ይሰለቻችኋል። ለዚህ ሥራ ፍጥነት አይጠቅምም። ኧረ ይጠቅማል፤ የሽንቱ ሙቀት በ4 ደቂቃ ውስጥ መለካት አለበት፣ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ። በደሴ ብርድ ከዘገያችሁ ሽንቱ ይቀዘቅዝና ንጹሑ ሰው ሽንት የቀየረ አጭበርባሪ ይመስላል። ስሙንና ቁጥሩን ባለቤቱ እያየ ጠርሙሱ ላይ ለጥፉ፤ ክዳን ይቀያየራል። ደብዛዛ መስመርም መስመር ነው፣ ኔጌቲቭ ነው። የእርግዝና ምርመራ የለመደ ዓይን እዚህ ጋ ይሳሳታል።

አንቺ ልጅ፣ አብሽሪ፣ ግቢበት። መጀመሪያ የኪቱን ማብራሪያ ወረቀት ተቀብለሽ አንብቢ። የኦፒየት መነሻው (ፖዘቲቭ የሚባልበት መጠን) በሚሊ ሊትር 300 ናኖግራም ነው ወይስ 2000? ያው ሽንት በአንዱ ፖዘቲቭ፣ በሌላው ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ከውጤቱ ጎን ጻፊው።