ጭንቅላትሽ እንዲያርፍ እጅሽን ሥራ አስይዢው

«ከሥራ ገብቼ ጋደም ስል ሐሳቡ ይጀምረኛል፣ ስልክ ስነካካ እኩለ ሌሊት ይሆናል፣ ጭንቀት የሚያቀል ምን የምትሠሩት ነገር አለ? ቡናስ ልተው?» ላልሽው ነው። መጀመሪያ አብሽሪ። እኔም እዚሁ ደሴ ሁለት ዓመት እንደዛ ሆኜ አሳልፌያለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ፣ ማታ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ። 2014 ላይ ጦርነቱ ሲመጣ ቤት ዘግተን ወጣን፣ ኋላ ተመለስን፣ ጭንቅላቴ ግን አብሮኝ አልተመለሰም። በር ሲንኳኳ ልቤ ይዘላል። ሰኔ ሲሆን ደግሞ የበጀት መዝጊያው አለ።

ሰው ሁሉ ጦሳ ተራራን ውጣ አለኝ። ወጣሁ። ግን ሞኙ ሰዓት ያዝኩ! ትናንት በስንት ደቂቃ፣ ዛሬ በስንት እያልኩ በሳምንቱ ተራራው ራሱ ሪፖርት ሆነብኝ። አሁን ሰዓቱን ቤት ትቼ ነው የምወጣው፤ ጉሙ ከተማዋን ሲሸፍናት ትንሽ ተቀምጬ አይና እወርዳለሁ።

ዋናውን መድኃኒቴን ብነግርሽ ትስቂያለሽ፤ እንዝርት ነው። እናቴ ትፈትላለች። አንድ ማታ መብራት ጠፋ፣ ስልኬም ባትሪ ጨርሷል፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እስቲ አሳዪኝ» አልኳት። ሽመናው የወንድ፣ ፈትሉ የሴት ነው በሚባልበት አገር «ወንድ ልጅ ይፈትላል እንዴ!» ብላ እስኪበቃት ሳቀች። ሰጠችኝ ግን። ባዘቶውን፣ የተነደፈውን ጥጥ ማለቴ ነው፣ በአንድ እጅሽ ይዘሽ እንዝርቱን ታሾሪያለሽ፣ ክሩ እየረዘመ ይመጣል፣ ትጠቀልዪዋለሽ፣ እንደገና ትስቢያለሽ። ከቸኮልሽ ይበጠሳል። ሐሳብሽ ሌላ ጋ ከሄደ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል። ሥራ ቦታ ተናድጄ የገባሁ ቀን እየተበጣጠሰ ያስቸግረኛል፤ እናቴ ክሩን ብቻ አይታ «ዛሬ ደግሞ ማን ነካህ?» ትለኛለች።

የገባኝ ነገር ትንፋሹ ነው። ክሩን ስስብ ሳላውቀው ቀስ ብዬ አስወጣለሁ። ትንፋሽ ሲወጣ ደግሞ የልብ ምት ዝግ ይላል፤ ለዚህ ነው ስታስወጪ ከምታስገቢው ረዘም አድርጊ የሚባለው። ስልኩ ተቃራኒው ነው፤ እጅ ሥራ ፈቶ ጭንቅላት ይሮጣል።

የግድ እንዝርት አይደለም። ስፌትም ዳንቴልም ይሆናል፣ ብቻ ስትቸኩዪ የሚበላሽ ነገር ይሁን። ደግሞ አደራ ለሽያጭ አታድርጊው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ዳንቴል ለመዝናኛ ጀምራ ትዕዛዝ መጣላት፣ አሁን የማስረከቢያ ቀን ስትቆጥር ነው የምታመሸው። ብሩ ጥሩ ነው፣ ማረፊያዋ ግን ሄደ።

መንዙማ ከፍቶ ዓይን መጨፈንም ይረዳል። እሁድ ሐይቅ ድረስ ሄዶ ውኃውን ማየትም እንደዛው፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ቡናውን በተመለከተ፣ ወሎ ተቀምጬ ቡና ተዪ የምልበት አፍ የለኝም። ግን ከጠጣሽ ከአምስት ሰዓት በኋላም ካፌይኑ ግማሽ ያህሉ ሰውነትሽ ውስጥ ነው። ስለዚህ በረካውን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጨርሺው። ጎረቤት ማታ ከጠራሽ አትቅሪ፤ ጭሱና ወሬው ይበቃሻል፣ ስኒውን ለሌላ አሳልፊ። እንቅልፉ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብም አልበላ ካለሽ ግን በዚህ አትሞኚ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ።

እኔ እስካሁን ለአንድ ጋቢ የሚበቃ አልሞላልኝም። ያለኝን ይዤ ሸማኔ ጋ ሄጄ ነበር፣ ክሬን በጣቱ ወጠር ወጠር አደረገና «ይሄ ድር አይሆንም፣ ለማግ እናየዋለን» አለኝ።